ያልሞቱት ዳክዬዎች

ሐሙስ ሐሙስ ዶክተር ራውያ ከካይሮ በሚኒባስ ተሳፍራ ከፍር ዘይዳን ወደምትባለው መንደሯ ትመጣለች። ሐሙስ ሐሙስም አክስቷ ነበዊያ አንዲት ዳክዬ አርዳ፣ ጠብሳ፣ ሙሉኺያ የሚሉትን የቅጠል ወጥ ከጎኗ አድርጋ ትጠብቃታለች። ራውያ ይህን ከፍቅር ነበር የምትቆጥረው። ፍቅርም ነበር፤ ጉዱ የመጣው ከዚያው ነው።

የራውያ እናት ስትሞት ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። ነበዊያ ደግሞ የራሷ ልጅ አልወጣላትም። የእህቷን ልጅ ወሰደችና ሰገነቷ ላይ ከዳክዬዎቿ ጋር አብራ አሳደገቻት። ዳክዬ እየሸጠች ትምህርት ቤት አስገባቻት፣ ዳክዬ እየሸጠች የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ላከቻት። በዚያ መንደር ሰገነቷ ላይ ወፍ የማይንጫጫባት ሴት ወይ ሰነፍ ናት ወይ ሐዘንተኛ፤ ነበዊያ ሁለቱንም መባል አትወድም ነበር።

የአእዋፍ ጉንፋን የሚሉት በሽታ መንደሩ የገባው ራውያ ኮሌጅ በጨረሰችበት ዓመት፣ በብርዱ ወራት ነው። መጀመሪያ ዶሮዎቹ አለቁ። ቀጥሎ መንግሥት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ላከ፤ እነሱ ደግሞ የተረፉትን በከረጢት ከተው ጨረሱ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሴቶች ስለ ዶሮ ለጠየቃቸው እንግዳ ሁሉ መልሳቸው አንድ ሆነ፤ ምን ዶሮ?

ክትባት ጠፍቶ አይደለም። ለዓመታት ሲወጋ ኖሯል። ግን የተሠራው ሩቅ አገር ከተገኘ የድሮ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ እዚህ በናይል ዴልታ ውስጥ ከቤት ቤት ሲዞር መልኩን ቀያይሯል። የሌባውን የልጅነት ፎቶ ይዞ ሌባውን እንደመፈለግ ነው። ራውያ አምስት ዓመት የደከመችበት አዲሱ ክትባት ከዚሁ ከዴልታው፣ ከአንዲት የሞተች ዳክዬ ሳንባ ከተወሰደ ቫይረስ የተሠራ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዶሮዎቹን አድኗል። የቀረው ዳክዬ ነው። ዋናዋም እሷ ናት፤ ቫይረሱን ተሸክማ ምንም ሳትመስል ትዞራለች፣ ስትደክምም ቀስ ብላ ነው የምትደክመው። ዳክዬን ያልጠበቀ ክትባት የመንደር ሴትን አይጠብቅም፤ በየዓመቱም በብርዱ ወራት አንዲት ሁለት ሴት መሞቷ አይቀርም።

ስለዚህ አሥራ አምስት ቤት ተመረጠ፤ በየቤቱ ሃያ ሃያ ዳክዬ ተወጋ፤ እያንዳንዷ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ተደረገላት። ዳክዬ ታድጋለችና ቀለበቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ነበር። ቤት ቁጥር አንድ የነበዊያ ቤት ነው። ብልህ ሰው ለሙከራ የማያውቀውን መንደር ይመርጣል። ራውያ ግን የራሷን መረጠች። ምክንያቷ ሲሰሙት ልክ ነበር፤ ሌላ መንደር ብትሄድ ሴቶቹ ይደብቋታል፣ እዚህ ግን የነበዊያ ልጅ ናት፣ ማን ይደብቃታል?

በአሥረኛው ሐሙስ ሰገነቱ ላይ ወጣች።

"ስንት ናቸው አክስቴ?"

"ሃያ። ባለፈውም ሃያ፣ ዛሬም ሃያ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ጻፊ።"

"የሞተ?"

"በአላህ ስም! ምነው በጠዋቱ ሞት ታነሺብኛለሽ? ወላሂ አንድም አልሞተብኝም።"

"የታመመስ?"

"የታመምኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴ። ለዳክዬ ብቻ ነው እንዴ ስትወጊ የምትኖሪው?"

ራውያ እየሳቀች አንድ በአንድ ቆጠረች። የክንፋቸውን ሥር እየወጋች ከእያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ደም ቀዳች፤ የመጨረሻው የደም ናሙና ነውና። ዳክዬዎቹ ሁሉም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ፊታቸው ቀይ፣ አንዷን ከሌላዋ የሚለያት ቀለበቷ ብቻ ነው። አንዷ ላይ እጇ ቆም አለ።

"ይቺ አሥራ ሰባት ቁጥር ከባለፈው ሳምንት ያነሰች አልመሰለሽም?"

"ከስታ ነው። አንቺስ ከስተሽ የለ? ማን ክትባት ወጋሽ?"

ሰው ልቡ የወደደውን ሲነግሩት ጥያቄ አያበዛም። ራውያ "ሞት" በሚለው መስመር ሥር ዜሮ ጻፈች። አሥረኛዋ ዜሮ ነበረች። የካቲት ላይ ክትባቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት ስትቆም ይህን መስመር ብቻ ብታሳይ በቂዋ ነው። እስከ ዛሬ በዴልታው አንድ መንደር ውስጥ፣ በብርድ ወራት፣ በዳክዬ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ያሳየ ሰው አልነበረም።

ምሳ ላይ ነበዊያ የዳክዬዋን ጭን ቆርሳ ሰጠቻት።

"አክስቴ፣ ለምን በየሳምንቱ ታርጃለሽ? ደግሞ የሙከራውን እንዳትነኪብኝ።"

"እኔ? ቀለበት ያላትን ልነካ? ይቺ ከገበያ ናት። ብይ!"

በላች። ነበዊያ ራሷ ብዙም አልቀመሰችም። ሁለት ጊዜ ሳለችና ላባ ጉሮሮዬ ገብቶ ነው አለች። ራውያ የደሙን ሣጥን አንግባ ስትሄድ እንደ ወትሮው እስከ አስፋልቱ አልሸኘቻትም፤ በሩ ላይ ተደግፋ ቀረች።

እሁድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ከወረዳው የትኩሳት ሆስፒታል የሚደውል አንድ ወጣት ሐኪም ነበር።

"ነበዊያ ዐብዱልሐሊም የሚባሉ ታካሚ የእርስዎ አክስት ናቸው? አይደንግጡ። ከዓርብ ጀምሮ ትኩሳት አለባቸው፣ ሳንባቸው ላይ ነገር አለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ቤታቸው የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ነበር? እሳቸው የለም ብለው ይምላሉ። የመንደር ሴቶች ሁልጊዜ ይምላሉ። እርስዎ ግን በየሳምንቱ ይመዘግባሉ አሉኝ።"

ራውያ መዝገቡን ገለጠች። መግለጥም አያስፈልጋትም ነበር። ግን ገለጠችው፤ ደስ ብሏትም ገለጠችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አክስቷ ታማ ተኝታ እያለ እንኳ ያንን መስመር ለሰው ማንበብ ደስ ይላት ነበር።

"የአዲሱ ክትባት ሙከራ ያለበት ቤት ነው ዶክተር። አሥር ሳምንት፣ ዜሮ።"

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ተራ የሳንባ ምች ነው። የአእዋፍ ጉንፋኑ መድኃኒት ጥቂት ስለሆነ ያለ ምክንያት አንጀምረውም። አሁን ምክንያት የለኝም።"

ከነበዊያ ጋር በስልክ አገናኛት። ድምፅዋ ሻክሯል። "እንዳትመጪ" አለቻት፤ "የኮሚቴ ወረቀትሽን ጨርሺ። እኔ የትም አልሄድ።" ራውያም ወረቀቷን ልትጨርስ ቀረች።

ማክሰኞ ከሰዓት አጎት ዐዝሚ የቤተ ሙከራውን በር ሳያንኳኩ ገቡ። ሠላሳ ዓመት ደም የመረመሩ፣ ከሰው ይልቅ ከቱቦ ጋር መጫወት የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ሳያንኳኩ ገብተው አያውቁም።

"ዶክተር፣ እነዚህ ዳክዬዎች መርፌ ዐይተው አያውቁም።"

"የትኞቹ?"

"የቤት ቁጥር አንድ። ከሃያው ዘጠኙ። ክትባቱ የሚተወው መከላከያ ደማቸው ውስጥ የለም። ውሃ ናቸው።"

"ምናልባት ቶሎ ጠፍቶ ይሆናል፤ አሥር ሳምንት እኮ ነው አጎት ዐዝሚ።"

"የጠፋ ነገር ዱካ ይተዋል። እነዚህ ዱካም የላቸው። በአራተኛው ሳምንት የቀዱትን ደም አውጥቼ ዐየሁት፤ ያን ጊዜ እነዚሁ ቁጥሮች ሙሉ ነበሩ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ቀለበቱ የእርስዎ ነው። ዳክዬዋ ግን ሌላ ናት።"

ራውያ ክው አለች። የሐሙሶቹ ሳህኖች አንድ በአንድ መጡባት። ጭን፣ ክንፍ፣ ሙሉኺያ፤ ደግሞ ጭን። ሰገነቱ ላይ ቀለበት አድርገው የሚንጫጩት ከገበያ የመጡት ናቸው። ክትባት የተወጉት፣ ተወግተውም የታመሙት፣ ሟቾቹ ሳህኗ ላይ ነበሩ። ሙከራዋን እየበላች ነው ዜሮ ስትጽፍ የከረመችው።

ለራሷ አልፈራችም፤ የበሰለ ሥጋ እንደማይጎዳ ታውቃለች። የሚጎዳው ማረዱና መንጨቱ ነው። የምታርደውና የምትነጨው ደግሞ አንዲት ሴት ናት።

ስልኩን እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም። "ጀምሩላት!" አለች፤ "ወፎቹ ታመው ነበር፣ መድኃኒቱን አሁን ጀምሩላት!" ሐኪሙ አልሰደባትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። "እሁድ ዕለት ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ዘጋ። መድኃኒቱ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ስትደርስ ነበዊያ የኦክስጅን ጭምብል አፏ ላይ ተደርጎላት፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ ነበር። ስታያት ጭምብሉን በእጇ ገፋ አደረገችው።

"ወረቀቱ አለቀ?"

"ዘጠኝ ናቸው አክስቴ?"

"ማን ነገረሽ? ያቺ ጎረቤቴ ኡም ራጋብ ናት? እሷ አፏ አያርፍ።"

"ደማቸው ነገረኝ።"

"ወይ አንቺ ልጅ! ዱሮም አሳባቂ ትወጃለሽ።" ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ወሰዳት። ሲለቃት፣ "አልሞቱም እኮ" አለች። "አንዷ አንገቷን ደፍታ ሳያት ቢስሚላህ ብዬ ቢላ አደርስላታለሁ። ምን ላድርግ፣ በክት ትሁንብኝ? ለሐኪሙም የማልኩት እውነቴን ነው። አንድም አልሞተብኝም፤ አላህ ያያል።"

"ቀለበቱንስ?"

"ቀለበቱን..." ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ኮሚቴ ፊት ልትቆሚ ነው አላልሽኝም? ከረባት ያሰሩት ሁሉ የዳክዬ ነጋዴ ልጅ ብለው ይሳቁብሽ? ዜሮዋን ስትጽፊ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አንቺ አታዪውም። እኔ ነኝ የማየው። ከእናትሽ ወዲህ እንደዚያ ሆነሽ ዐይቼሽ አላውቅም።"

ራውያ ቆሽቷ አረረ። ያሳደገቻትን፣ ለመተንፈስ የምትታገለውን ሴት ትከሻዋን ይዛ ልትነቀንቃት ቃጣት። "እኔ እኮ ክትባቱ እንዲሠራ ነው የፈለግሁት! ሠራ እንዲባል አይደለም!"

"ልዩነቱ ምንድነው?" አለች ነበዊያ። ለክርክር አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። አንዴ ሠራ ከተባለ መንግሥት ያመጣዋል፣ መንግሥት ካመጣው ይወጋል፣ ከተወጋ በኋላ የሞተውንና የተረፈውን ማን ቆጥሮ ያውቃል? ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ይህንኑ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ነበዊያ መጀመሪያ የደበቀችው የራሷን በሽታ አልነበረም፤ የክትባቱን ነበር። ራውያ ግን ይህን አልነገረቻትም። ጭምብሉን አስተካከለችላትና እጇን ይዛ ተቀመጠች። እጇ እንደ ምጣድ ይተኩስ ነበር። ጥፍሯ ሥር የዳክዬ ላባ ቅሪት አለ። ራውያ ያንን በጨርቅ እያራሰች ስታጸዳላት፣ ስታጸዳላት ቆየች። አልቅሳም አልወጣላትም።

ነበዊያ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሞተች። ምርመራው የወጣው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ማንም ያልጠበቀው ነገር አልነበረበትም።

ለቅሶው በነበዊያ ቤት ሆነ። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ቁርዓን ያዳምጣሉ፤ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ራውያ ግድግዳ ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ኮሚቴው ፊት የምትለውን በልቧ ስታወጣ ስታወርድ ነበር። ለራሷ የያዘችው አንድ ተስፋ ነበራት። የሌሎቹ ቤቶች ደም ገና አልተመረመረም፤ የተበላሸው ቤት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቤት ይወጣል፣ አሥራ አራት ይቀራል። በአሥራ አራት ቤት ዜሮ አሁንም ዜሮ ነው። በለቅሶ መሐል እንዲህ ማሰቧ አሳፍሯታል፤ ግን አስባዋለች።

ጎረቤቷ ኡም ራጋብ በጉልበቷ እየተሳበች መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ጨዋታዋ የለም።

"ልጄ፣ ሟቿ ነገር ይዛብሽ ሄዳለች።"

"ምን ነገር?"

"ያኔ ወፎቹ መድከም ሲጀምሩ በየቤታችን ዞራለች። አሥራ አራታችንም ጋ። 'ልጄን እንዳታሳፍሩብኝ' አለች። 'የኔ ልጅ ያፈረች ቀን እኔ መሬት ትዋጠኝ' አለች። ምን እንበላት? በእኛ ሁሉ ደስታና ሐዘን መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ናት።" ኡም ራጋብ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። "የኔ የተቀየሩት አምስት ናቸው።"

ራውያ ቀና አለች። ክፍሉ ውስጥ ለቅሶው ቆሟል። ሴቶቹ ሁሉ እሷን ያያሉ።

"የኔ ሰባት" አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው። "ሁለቱን ግን እውነት ሸለመጥማጥ ነው የበላቸው።"

"እኔ ጋ ከመጀመሪያዎቹ የቀሩት ሦስት ናቸው።"

"እኔ እንጃ፤ መቁጠር አቁሜያለሁ።"

ራውያ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። አምስት ዓመቷ፣ ተስፋዋ፣ አክስቷ የሞተችለት ያ መስመር፣ ሁሉም እዚያ ምንጣፍ ላይ በሴቶቹ አፍ እየተደረመሰ ነው። ክትባቱ ዳክዬዎቹን አልጠበቃቸውም። አንድም ቤት አልጠበቀም። መሃል ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ፤ ከቁጥሩ የሚበልጥ ነገር አሁን ገና ታያት።

"ያረዳችሁት፣ የነጫችሁት እናንተ ናችሁ" አለች። "አሁን ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?"

አንዷ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከድንኳኑ ቁርዓን የሚቀራው ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ከነገርንሽ ነጭ ለባሾቹ ይመጣሉ?" አለች ኡም ራጋብ።

አይመጡም ማለት ቀላል ነበር። አይመጡም ብትል ይነግሯታል፤ ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ግን በዚህ መንደር ለደግ ተብሎ የተዋሸው ዛሬ ተቀብሮ መጥቷል።

"ይመጣሉ" አለች ራውያ። "ሰኞ ይመጣሉ። የምጠራቸውም እኔ ነኝ። አንድ ወፍ አይቀርላችሁም።"

ሴቶቹ አጉረመረሙ። "አንቺን ብለን!" አለች አንዷ፤ ሌላዋ በጥቁር ሻሿ ፊቷን ሸፈነች። አንድ ሰገነት ሙሉ ዳክዬ ማለት የልጆች ጫማ ነው፣ የሙሽራ ዕቃ ነው፣ ባል ሳይሰማ የሚወጣ የሐኪም ገንዘብ ነው። ራውያ ይህን ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም። የተማረችበት ነውና።

ኡም ራጋብ ምራቷ ወደ ተቀመጠችበት ዞረችና፣ "ተነሽ" አለቻት። "ዓይንሽን አታቁለጭልጪብኝ፤ ተነሽና ልጅቱን አምጫት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስትተኩስ አድራለች።"

የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በብርድ ልብስ ተጠቅልላ መጣች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ይንሳፈፋል። ራውያ ግንባሯን ነካችና ሰዓቷን አየች። ከትናንት ማታ ከሆነ ገና አንድ ቀን አልሞላም። መድኃኒቱ ሳያልፍባት ወደ ሆስፒታሉ ልትወስዳት ተነሥታ አቀፈቻት። አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ እስኪመጣ ድረስ ኡም ራጋብ አጠገቧ ቆማ የልጅቷን እግር ትሸፍን ነበር።

"ያ ክትባትሽ እንደው ጭራሽ አልረባም ማለት ነው?"

"ለዳክዬ አልረባም።"

"የሚረባው መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም ኡም ራጋብ። እንደገና ከመጀመሪያው ነው። አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።"

ኡም ራጋብ ዘወር ብላ መንደሩን አየች። በየሰገነቱ ዳክዬዎቹ የማታ ጥራጥሬያቸውን ፈልገው ይንጫጫሉ። ከዚያ ራውያን ክንዷን ይዛ ወደ መጣው መኪና ገፋቻት።

"ታዲያ ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ?" አለቻት፤ "ቶሎ በያ።"